ሞልቶ የሚገለበጥ ቁጥር

በእንጭኒ በኩል ወደ ሙገር ከሚመላለሱት የሲሚንቶ መኪናዎች መካከል በዕድሜ የገፋውን መርጦ ወደ ሾፌሩ ክፍል አንገቱን ያስገባ ሰው ኪሎ ሜትር የሚቆጥረውን መሣሪያ ያያል። በአሮጌ መኪና ላይ ይህ መሣሪያ ጎን ለጎን የተደረደሩ ትንንሽ የቁጥር መንኰራኵሮች ያሉት ነው። መንኰራኵሮቹ አምስት ከሆኑ ቆጣሪው 99,999 ይደርስና አንድ ኪሎ ሜትር ሲጨመርበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገልብጠው 00,000 ይሆናሉ። መኪናው ግን አዲስ አልሆነም። ሞተሩም ሾፌሩም መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር መድከማቸውን ያውቁታል፤ ያላወቀው ቆጣሪው ብቻ ነው።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የገባው ኮምፒዩተር ከዚያ መንኰራኵር እጅግ የረቀቀ ቢሆንም በቁጥር ረገድ ጠባዩ አንድ ነው። የሚቆጥርበት ዕቃ ልክ አለው፤ ልኩ ሲሞላም ይገለበጣል። ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትምህርት የጀመሩ ወጣቶች ከሚሰናከሉባቸው እንቅፋቶች አንዱ ይህ ነው፤ በእንግሊዝኛው አጠራር ኦቨርፍሎው ይሉታል። ሁለተኛው እንቅፋት ደግሞ ሉፕ የሚባለው፥ እኛ በዚህ ጽሑፍ ዙር የምንለው፥ አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያሠራ ትእዛዝ መቆሚያውን ሲስት የሚደርሰው ነው። ሁለቱ ልዩ ልዩ መስለው ይታዩ እንጂ ብዙ ጊዜ አንዱ የሌላው እናት ነው።

ነገሩ የጥቂት ሊቃውንት ጉዳይ ነው እንዳይባል ዘመኑ ተለውጧል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ሙያ ለማስተማር የታቀደው መርሐ ግብር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ሲጀመር የትምህርቱ በር በኢንተርኔት አማካይነት ለብዙ ወጣት ተከፈተ። የአደአ በርጋ ወረዳ ከተማ በሆነችው በእንጭኒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ልጅም ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም የምሕንድስና ትምህርት ሲመርጥ ሲን መገናኘቱ አይቀርም። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ይህን ሙያ ከሚያስተምሩት አንዱ ነው። ፕሮግራም የማይጽፍ ወጣት ሹም ቢሆንም ሌላው የጻፈለትን ተቀብሎ ደመወዝ ይከፍልበታል፤ ግብር ይሰበስብበታል። በሐሰተኛ ቁጥር ላይ ፊርማውን የሚያኖረውም እርሱ ነው።

ሲን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ዴኒስ ሪቺ ነው። ቋንቋው ፈጣንና ቈጣቢ ስለሆነ እስከ ዛሬ ድረስ በየኮምፒዩተሩ፥ በየስልኩና በየመሣሪያው ሆድ ውስጥ ያገለግላል። ጠባዩ ግን ዝምተኛ ነው። የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ «ጌታዬ፥ ይህ ነገር ልክ ነውን?» ብሎ አይጠይቅም። ለአዋቂ ሰው ይህ ዝምታ ነፃነት ሲሆን ለጀማሪው ግን ገደል ነው።

ገበሬው ገብሱን በቁና ሲሰፍር ቁናው ከሞላ በኋላ የሚጨመረው እህል በዙሪያው ይፈስሳል። የፈሰሰውን ሰፋሪውም ያየዋል፥ አስለኪውም ያየዋል፥ ዶሮውም ሳይቀር ያየዋል። የሲ ቁናዎች ግን የሚፈስስ ነገር አያሳዩም። ኢንት የሚባለው የተለመደው የሙሉ ቁጥር ዕቃ በዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ 32 ቢት ነው፤ ይኸውም አንድና ዜሮ ብቻ የሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች ማለት ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። በዚህ ላይ አንድ ሲጨመር አብዛኛው ኮምፒዩተር የሚያሳየው ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ነው። ከጣሪያው ጫፍ ወደ ምድር ቤቱ ወለል በአንድ ርምጃ መውረድ ማለት ይህ ነው።

ሁለት ቢልዮን የሚያህል ቁጥር ለእኛ መቼ ይደርሰናል የሚል አንባቢ ቢኖር በገንዘብ እናስረዳው። ጠንቃቃ የሆነ ፕሮግራም ጸሐፊ ገንዘብን በነጥብ ከፋፍሎ አያስቀምጥም፤ የነጥብ ቁጥሮች በኮምፒዩተር ውስጥ ጥቃቅን ጉድለት ስለሚኖራቸው ሁሉን ወደ ሳንቲም ለውጦ በሙሉ ቁጥር ይይዛል። ይህ መልካም ልማድ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት የአንድን ወረዳ ሠራተኞች የዓመት ደመወዝ በዚህ መንገድ በኢንት ውስጥ እየደመረ ነው እንበል። ድምሩ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም እስኪደርስ ድረስ ሁሉ ነገር ደኅና ነው። አንዲት ሳንቲም ስትጨመር ግን ወረዳው ለሠራተኞቹ የከፈለው ገንዘብ ከዜሮ በታች ሃያ አንድ ሚሊዮን ብር ሆኖ ይታያል። ለአንድ ወረዳ ሃያ አንድ ሚሊዮን ብር የሩቅ ቁጥር አይደለም።

እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ከስሕተቶች ሁሉ የዋሁ ነው። የተቀነሰ ምልክት ይዞ ስለሚመጣ ያየው ሰው ሁሉ ይደነግጣል። አስፈሪው ጨዋ መስሎ የሚመጣው ነው። ለጀማሪ ተማሪዎች የተለመደ አንድ ጥያቄ አለ፤ የተወሰኑ ነገሮች በስንት ልዩ ልዩ ቅደም ተከተል ሊደረደሩ ይችላሉ የሚል ነው። ከ1 ጀምሮ እስከ ነገሮቹ ቁጥር ድረስ ያሉትን ሁሉ በዙር እያባዙ መልሱን ያገኙታል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት 12 ወሮች በ479,001,600 መንገድ ይደረደራሉ፤ ይህ በኢንት ውስጥ በደኅና ይገባል። ጳጉሜን ስትጨመር መልሱ 6,227,020,800 መሆን ሲገባው ባለ 32 ቢቱ ኮምፒዩተር የሚያትመው 1,932,053,504 ነው። ቁጥሩ አዎንታዊ ነው፥ ትልቅ ነው፥ ከፊተኛውም ይበልጣል። የሚያጠራጥር ነገር የለበትም፤ ሐሰት መሆኑ ብቻ ነው ጉድለቱ። አሥራ ሦስት ወር ባላት አገር የተወለደ ተማሪ ይህን ስሕተት ከሌላው አስቀድሞ ቢያገኘው አይደንቅም።

በዓለም የፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ የሚታወቅ መልመጃም አለ። ሌሎች የግብፅ፥ ሌሎችም የሩስያ ገበሬዎች ዘዴ ይሉታል፤ ባለቤትነቱን ለመከራከር ዛሬ ጊዜ የለንም። ዘዴው እንዲህ ነው። 13 ኩንታል ገብስ እያንዳንዱ በ4,500 ብር ቢሸጥ ዋጋው ስንት ነው? በግራ በኩል 13ን እያጋመሱ፥ ትርፉንም እየጣሉ ወደ ታች ይጽፋሉ፤ 13፥ 6፥ 3፥ 1። በቀኝ በኩል 4,500ን እያጠፉ ይጽፋሉ፤ 4,500፥ 9,000፥ 18,000፥ 36,000። ከዚያ በግራው ተጋማሽ ያልሆነ ቁጥር ባለበት መስመር የቆሙትን የቀኝ ቁጥሮች ይደምራሉ፤ 4,500 እና 18,000 እና 36,000 ሲደመሩ 58,500 ብር ይሆናል። ማባዛት ያልተማረ ሰው ማጋመስና ማጠፍ ብቻ እያወቀ ያባዛል ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩም በሆዱ ከዚህ ብዙ ያልራቀ ሥራ ይሠራል።

ይህን መልመጃ ኢንት 16 ቢት ብቻ በሆነበት ዕቃ ላይ የሠራ ተማሪ ግን ይደነቃል። ቱርቦ ሲን የመሰሉ የቆዩ ኮምፓይለሮች እንዲህ ነበሩ፤ ዛሬም ተማሪዎች ከሚለማመዱባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች አንዱ የሆነው አርዱዪኖ ኡኖ እንዲሁ ነው። በዚያ ጣሪያው 32,767 ስለሆነ 36,000 የተባለው ቁጥር ከዜሮ በታች 29,536 ሆኖ ይገለበጣል። ድምሩም ከዜሮ በታች 7,036 ብር ይወጣል። ገብሱን የሸጠው ገበሬ ለገዢው ገንዘብ እንዲጨምርለት ተፈረደበት ማለት ነው!

ከዚሁ መልመጃ ላይ የዙሩም ስሕተት ይገኛል። የግራው ቁጥር 1 ሲደርስ ሥራው አልቋል። ተማሪው ግን «ግራው ከዜሮ ያላነሰ እስከሆነ ድረስ ቀጥል» ብሎ ቢያዝ ግራው 1 ከነበረበት ሲጋመስ 0 ይሆናል፥ 0ም ሲጋመስ 0 ነው፥ እንደገናም 0። ዙሩ መውጫ አጣ። ኮምፒዩተሩ አይደክመውምና ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ዜሮን ሲያጋምስ ይኖራል። «ከዜሮ የበለጠ እስከሆነ ድረስ» ቢል ኖሮ ባልተቸገረ ነበር። ከዚህም የባሰ ቀላል ነገር አለ፤ ዋይል ከሚለው ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ሳያስቡት የምትገባ አንዲት ሴሚኮለን ዙሩን ባዶ አድርጋ ያለ ሥራ ለዘላለም ታዞረዋለች። ይህን ግን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ስለሚቻል ብዙ አንቈይበትም።

የበለጠ የሚያደናግረው የቁጥር መጀመሪያ ጉዳይ ነው። የእንጭኒ ልጅ በቤቱ በኦሮምኛ «ቶኮ፥ ለማ፥ ሰዲ» ብሎ ሲቆጥር ከአንድ ይጀምራል። የግእዙም አኀዝ ከ፩ ይጀምራል፤ ለዜሮ የሚሆን ምልክት በውስጡ የለም። ሲ ግን ረድፍ አስይዞ ያስቀመጣቸውን ነገሮች መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው። 13ቱን ወሮች በረድፍ ያስቀመጠ ተማሪ መስከረምን በ0 ቁጥር፥ ጳጉሜንን በ12 ቁጥር ያገኛቸዋል። 13 ቁጥር የሚባል ቤት የለም። ነገር ግን «ከ0 ጀምረህ እስከ 13 ድረስ፥ 13ንም ጨምረህ» ብሎ ያዘዘ ተማሪ አሥራ አራተኛ ወር እንዲነበብለት ጠይቋል። ሲ ዝምተኛ ነው ብለናል፤ «አሥራ አራተኛ ወር የለም» ብሎ አይመልስም። ከጳጉሜን ቤት ቀጥሎ ያለውን የማያውቀውን ጎረቤት በር ከፍቶ ያገኘውን ያነባል። አንዳንድ ጊዜ የማይረባ ነገር ያነባል፤ አንዳንድ ጊዜም ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ምንም ጉዳት ሳይታይ ሲያልፍ ነው። በተለይ ማንበብ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቤት ላይ የጻፈበት እንደሆነ የሌላ ሰው ሒሳብ ተበላሽቶ ይቀራል።

ያው ተማሪ ወሮቹን ከጳጉሜን ወደ መስከረም እየተመለሰ ሊያትማቸው ቢፈልግስ? ከ12 ጀምሮ እየቀነሰ፥ ተቆጣሪው 0 ወይም ከ0 በላይ እስከሆነ ድረስ እንዲቀጥል ያዛል። የወር ቁጥር ከዜሮ በታች አይሆንም ብሎ በማሰብም አንሳይንድ የሚባለውን፥ የመቀነስ ምልክት የማያውቀውን ዕቃ ይመርጣል። አሳቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ይህ ዕቃ 0 ላይ ደርሶ አንድ ሲቀነስበት ወደ ኋላ ተገልብጦ 4,294,967,295 ይሆናል። ከዜሮ በታች መሆን የማይችል ቁጥር ከዜሮ በታች እስኪሆን መጠበቅ ፍጻሜ የለውም። የቁጥሩ መገለበጥ የዙሩ አለመቆም እናት ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሊቃውንት ቤት ጎራ ማለት ይገባናል፤ ምክንያቱም በዙር መቁጠርንና መገለበጥን አስቀድመው ሥርዓት ያስያዙት እነርሱ ናቸው። ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ ከዳር እስከ ዳር የዙር ሒሳብ ነው። ዐውደ አበቅቴ በ19 ዓመት፥ ዐውደ ፀሐይ በ28 ዓመት፥ ዐውደ ቀመር በ532 ዓመት ይመለሳል። ቁጥሩ ሠላሳ ሲሞላ ሠላሳው ይገደፍና ትርፉ ይያዛል። ኮምፒዩተሩ ሳያስታውቅ የሚሠራውን ሊቁ እያወቀና እያስታወቀ ይሠራዋል፤ ልዩነታቸው ይህ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር በ5,500 ላይ ይደመርና ዓመተ ዓለም ይገኛል። ይህ ለ19 ይካፈላል፤ ከትርፉ አንድ ይቀነስና የቀረው ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ትርፉ አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ትርፉ መጥቅዕ ነው። ስለ 2017 ዓ.ም. ብናሰላ ዓመተ ዓለሙ 7,517፥ ትርፉ 12፥ ወንበሩ 11 ነው። 121 በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ 209 በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል። ነነዌ፥ ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ የሚውሉበት ቀን የሚወጣው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ለሲ ጀማሪ ከዚህ የሚሻል መልመጃ አናውቅም፤ አራት መስመር ብቻ ይበቃዋል። እንግዲህ ተማሪው ጽፎት ከ2006 እስከ 2023 ያሉትን ዓመታት ቢፈትን 17ቱን በትክክል ያወጣለታል፤ በ2006 ብቻ፥ ወንበሩ አልቦ ስለሆነ፥ መጥቅዑን 0 ይልበታል። በዚህ ጊዜ የሊቃውንቱ ሥርዓት አበቅቴውን አልቦ፥ መጥቅዑን 30 ያደርጋል። ተማሪው ይህችን አርሞ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ያስረክባል።

በ2024 ዓ.ም. ግን ዓመተ ዓለሙ 7,524 ነው። ይህ ቁጥር ለ19 ሲካፈል 396 ጊዜ ደርሶ ምንም አይተርፈውም። ከምንም ላይ አንድ ሲቀነስ የተማሪው ፕሮግራም ወንበሩን ከዜሮ በታች 1 ያደርገዋል፤ አበቅቴው ከዜሮ በታች 11፥ መጥቅዑ ከዜሮ በታች 19 ሆኖ ይወጣል። የሲ የመግደፍ ምልክት የተቀነሰውን ቁጥር ከነምልክቱ ስለሚተወው ነው። ተማሪው በመጠንቀቅ አንሳይንድ የሆነውን ዕቃ ተጠቅሞ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ወንበሩ ተገልብጦ 4,294,967,295 ይሆንና ከዚያ ወዲያ ያለው ማባዛትና መግደፍ ተሠርቶ አበቅቴ 5፥ መጥቅዕ 27 የሚል ጨዋ መልስ ይታተማል። እውነተኛው መልስ አበቅቴ 18፥ መጥቅዕ 12 ነው። 5 እና 27ን አይቶ ስሕተት ነው የሚል ሰው በቀላሉ አይገኝም። ጾሙና በዓሉ ግን በተሳሳተ ቀን ይወድቃሉ።

የአብነት ተማሪ በዚህ አይሳትም። ትርፍ ሲጠፋ 19 ሙሉው እንደ ተረፈ ተቈጥሮ ወንበሩ 18 እንደሚሆን አስቀድሞ ተምሮታል። ከዚህም በላይ የሚጠብቀው አንድ መመዘኛ አለው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ፥ አይበልጡም፥ አያንሱም። 18 እና 12 ሠላሳ ነው። 1 እና 29 ሠላሳ ነው። 5 እና 27 ግን 32 ነው! ይህችን መመዘኛ በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አድርጎ የጻፈ ተማሪ፥ የ2006ንም ሆነ የ2024ን ስሕተት ገና በዕለቱ ይይዘዋል። ዛሬ በታላላቅ ኩባንያዎች ውስጥ ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ እንዲመረምር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ እኛ ግን ከቅኔ ቤቱና ከመጻሕፍት ቤቱ አጠገብ ኖረን ሳናውቀው ቀርተን በእንግሊዝኛ ስሙ ስንማረው ይገርመናል።

የዘመን ቆጠራ ዙር ሌላም ወጥመድ አለበት። ከዘመነ ማቴዎስ፥ ማርቆስና ዮሐንስ ይልቅ ዘመነ ሉቃስ በአንድ ቀን ይረዝማል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። በ2011 እና በ2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበረ፤ የ2019ኙም እንዲሁ ነው። ብዙ ቀን ተቈጥሮ ተሰጥቶት ወደ ዓመት እንዲለውጥ የታዘዘ ፕሮግራም ቀኖቹ ከ365 እስከበለጡ ድረስ የአንድ ዓመት ቀን እየቀነሰ ይሄዳል። ዓመቱ ሉቃስ ሲሆን ግን ቀኖቹ ከ366 ከበለጡ ብቻ 366 ይቀንሳል። ቀኖቹ ልክ 366 የሆኑ እንደሆነስ? ከ365 ስለሚበልጡ ዙሩ ይቀጥላል፤ ከ366 ስለማይበልጡ ግን ምንም አይቀነስም። ፕሮግራሙ በጳጉሜን 6 ቀን ላይ ተተክሎ ይቀራል።

ይህ ተረት አይደለም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2001 ዓ.ም.፥ በፈረንጆቹ የ2008 የመጨረሻ ቀን፥ ማይክሮሶፍት ይሸጠው የነበረው ዙን 30 የተባለ የሙዚቃ ማጫወቻ በያለበት በአንድ ቀን ደርቆ ዋለ። ያ ዓመት በእነርሱ አቆጣጠር 366 ቀን የነበረው ሲሆን በመሣሪያው የሰዓት ፕሮግራም ውስጥ የነበረው ዙር አሁን የተረክነው ዓይነት ነበር። ለገዢዎቹ የተሰጠው ምክር ባትሪው ተሟጥጦ እስኪያልቅ ጠብቁ፥ በማግስቱ ከቀትር በኋላ አስነሡት የሚል ነበር። ዓመቱ ሲለወጥ መሣሪያው ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ቀጠለ። ያንን የጻፉት ጀማሪዎች አልነበሩም፤ ስሕተቱ ግን የጀማሪ ስሕተት ነበር። የደመወዝ ወይም የወለድ ፕሮግራም ተቀብሎ በሥራ ላይ የሚያውል ወጣት ሹም ሻጩን «ጳጉሜን 6 ቀን ምን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቀውና በፊቱ እንዲያሳየው ቢያደርገው ደፋር አይባልም።

ሙዚቃ ቢቋረጥ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. ከደቡብ አሜሪካ ከኩሩ የተተኰሰው አርያን 5 የተባለው የአውሮፓውያን ሮኬት ግን ሞተሩ ከተነሣ 37 ሰከንድ ያህል እንዳለፈ አቅጣጫውን ስቶ ፈነዳ። ምክንያቱ ሲመረመር የሮኬቱን የጎን ፍጥነት የሚመለከት በ64 ቢት የተያዘ ቁጥር 16 ቢት ወደሆነ ዕቃ ሲገለበጥ አልገባ ብሎ ነው፤ 32,767 የሚለውን ያንኑ የገብሱን ጣሪያ አልፎ ነበር። ፕሮግራሙ በአዳ ቋንቋ እንጂ በሲ አልተጻፈም፤ ቁናው ግን አንድ ነው። ለአርያን 4 የበቃውን ልክ ፍጥነቱ ለሚበልጠው ለአርያን 5 ሳይለኩ ማዋላቸው ነበር ጥፋቱ።

ወደ ቤታችን የቀረበም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላንን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ስለዚህ ዓይነት አውሮፕላን አንድ ትእዛዝ አወጣ። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹን የሚቆጣጠሩት መሣሪያዎች 248 ቀን ሳይጠፉ በተከታታይ ቢሠሩ በውስጣቸው ያለው ቆጣሪ ሞልቶ ስለሚገለበጥ አውሮፕላኑ ኤሌክትሪኩን ሊያጣ ይችላልና በየጊዜው እንዲጠፉና እንዲበሩ የሚል ነበር። ስሕተቱ የተገኘው በላቦራቶሪ ፍተሻ እንጂ በአደጋ አልነበረም። ሰከንድን በመቶ ከፍሎ የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 2,147,483,647 የሚደርሰው በስንት ቀን እንደሆነ አንባቢ በወረቀት ቢያሰላው ከ248 ቀን ተኩል ጥቂት ከፍ ብሎ ያገኘዋል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው ለሚለን ተማሪ፥ መደመር ከመፈጸሙ በፊት የቀረውን ቦታ መለካት ነው እንለዋለን። ብዙ ጀማሪዎች ከደመሩ በኋላ «ድምሩ ከዜሮ በታች ሆነ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቁናው ከሞላ በኋላ መጠየቅ ይህ ነው። አንሳይንድ የሆነው ዕቃ ሲሞላ በዙር እንዲመለስ የሲ ደንብ ይደነግጋል፤ ምልክት ያለው ኢንት ሲሞላ ምን እንደሚሆን ግን ደንቡ ጨርሶ አልወሰነም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ «ይህ ነገር አይደርስም» ብሎ በመገመት ያንን የዘገየ ጥያቄ ከነአካቴው ሊሰርዘው ይችላል። ይልቁንም ጣሪያው ላይ ሊጨመር የታሰበውን ቀንሶ፥ የተያዘው ከቀረው ይበልጥ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የገንዘብ ድምር ከሆነ ደግሞ 64 ቢት ያለውን ዕቃ መያዝ ነው፤ ያ ሰፊ ጎተራ ነው። ኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚያደርጉትን ትእዛዞች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መክፈት፥ የተናገረውንም እንደ ጭቅጭቅ ሳይቆጥሩ ማንበብ ያስፈልጋል። ሲ ዝምተኛ ቢሆንም ኮምፓይለሩ የተጠየቀ እንደሆነ ብዙ ይናገራል። ዙር ሲጻፍም መካከሉን ሳይሆን ዳርና ዳሩን መፈተን ነው፤ ምንም በሌለበት፥ አንድ ብቻ ባለበት፥ መጨረሻው ላይ፥ ከመጨረሻውም አንድ አልፎ።

ከእነዚህ ቆጣሪዎች አንዱ በእኛ በዓል ላይ የሚሞላ ነው። አያሌ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በፈረንጆቹ 1970 የመጀመሪያ ቀን፥ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ በመደመር ነው። ይህ ድምር በባለ 32 ቢት ኢንት የተያዘ እንደሆነ 2,147,483,647 የሚሞላው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ታቦታቱ በየጥምቀተ ባሕሩ ዳር በድንኳን አድረው ጎሕ ሲቀድ፥ በእንጭኒም ሆነ በጃን ሜዳ ሕዝቡ ጠበሉን በሚጠብቅበት ሰዓት መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ሰከንድ፥ ያልታረመ ፕሮግራም ያለበት መሣሪያ ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ይላል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን የነበሩበት ጊዜ ነው። ስልኮችና ትልልቅ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ አስቀድመው ወደ 64 ቢት ተሻግረዋል። የሚያሳስቡት በግድግዳ ውስጥ፥ በፋብሪካና በቆጣሪ ሣጥን ውስጥ ተገጥመው የተረሱት ትንንሾቹ ናቸው፤ እነርሱን አንድ በአንድ እየፈለገ የሚያርማቸው ዛሬ ሲን የሚማረው ልጅ ነው። የታረሙት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ብለው ይቀጥላሉ።